በማርስ ደቡብ ዋልታ ያሉትን ክቦች ምን ቆፈራቸው?

እ.ኤ.አ. በ2017 ናሳ ለሕዝብ ያሰራጨው አንድ የማርስ ፎቶግራፍ አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው የፕላኔቷ ደቡብ ዋልታ ነው፤ ወቅቱ የበጋው ማብቂያ። ፀሐይ ከአድማሱ ብዙም ከፍ ስለማትል ትንሿ እብጠት እንኳ ጎልታ ትታያለች። ነጩ የበረዶ ሜዳ ጥልቀት በሌላቸው ክብ ጉድጓዶች ተበሳስቷል። አንዱ ጉድጓድ ግን ከሌሎቹ ጋር አይገጥምም። ክብ ነው፤ በረዶውንና አቧራውን ዘልቆ ወደ ታች ወርዷል። ከምስሉ ጋር የወጣው አጭር ማብራሪያ ሁለት ግምት አስቀመጠ፦ ከሰማይ የወደቀ ድንጋይ ቆፍሮት ይሆናል፣ ወይም ከሥሩ ክፍት የነበረ መሬት ተደርምሶ ይሆናል።

ፎቶግራፉ በየአገሩ መገናኛ ብዙኃን ዞረ፤ የሰውም ዓይን ያረፈው በጥልቁ ጉድጓድ ላይ ነበር። እኔ ግን ምስሉን ባየሁ ቁጥር የምቆየው ጎረቤቶቹ ዘንድ ነው። እነዚያ ወለላቸው እንደ ገበታ የተስተካከለ፣ ጥልቀት የሌላቸው ክቦች ስለ ማርስ አየርና ስለ በረዶዋ የነገሩን ጥልቁ ጉድጓድ ከነገረን እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ የዚህ ዳሰሳ ሰፊው ክፍል የእነሱ ነው።

ክብ መሆን ለብቻው ብዙ አይናገርም። አንድ ኃይል በሁሉም አቅጣጫ እኩል በሠራ ቁጥር ውጤቱ ክብ ነው፤ ፈጽሞ የማይዛመዱ ኃይሎችም አንድ ዓይነት ቅርጽ ትተው ይሄዳሉ። የቢሾፍቱን ሐይቆች ከአፋፋቸው ቆሞ ያየ ሰው ይህን ይረዳል። ከሰማይ የወረደ ነገር የቦደሳቸው ይመስላሉ፤ የሠራቸው ግን ከታች የመጣ የቀለጠ አለት ከከርሰ ምድር ውኃ ጋር ሲገናኝ የተነሣ የእንፋሎት ፍንዳታ ነው። አንዱን ክብ ከሌላው የሚለየው ዙሪያው ሳይሆን ጠርዙ፣ ወለሉና ጊዜ ሲያልፍ የሚያሳየው ለውጥ ነው። ጠርዙ ከመሬቱ ከፍ ካለ፣ በዙሪያውም የተፈናጠረ ድንጋይና አቧራ ከተበተነ፣ የግጭት ምልክት ነው። ከፍ ያለ ጠርዝ ሳይኖረው ድንገት ወደ ታች ከወረደ መደርመስን ያስጠረጥራል። ወለሉ ጠፍጣፋ፣ ግድግዳው ቀጥ ያለ ሆኖ ከዓመት ዓመት የሚሰፋ ከሆነ ግን ግጭትም መደርመስም አያስረዱትም። ማርስ ደቡብ ዋልታ ላይ የሞሉት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ተመራማሪዎች ይህን መልክዓ ምድር የስዊስ አይብ ይሉታል። የእኛ አይብ ቀዳዳ ስለሌለው ስሙ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ ነው፤ የሚቀርበን የእንጀራ ዓይን ነው። ሁለቱም ምሳሌዎች ግን በአንድ ነገር ያሳስታሉ። የስዊሱን አይብም ሆነ እንጀራውን ቀዳዳ ያበጀላቸው ውስጣቸው የተፈጠረ ጋዝ ነው። የማርሶቹን ክቦች የሚያሰፋቸው ግን ከውስጥ የሚወጣ ጋዝ አይደለም፤ ግድግዳቸው ራሱ ጋዝ እየሆነ ወደ ኋላ ይሸሻል። የእንጀራው ምሳሌ በትክክል የሚሠራበት ሌላ ነገር እዚያው ዋልታ ላይ አለ፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ግድግዳ እንዴት ጋዝ ይሆናል? ብል እንዳይበላው ተብሎ ልብስ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ነጭ ናፍታሊን አስቡት። ሳይቀልጥ፣ ልብሱንም ሳያረጥብ እያነሰ እያነሰ ሄዶ አንድ ቀን ይጠፋል። ደረቅ በረዶ የሚባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶም ጠባዩ ይኸው ነው። በማርስ ስስ አየር ውስጥ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 125 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ጋዙ በቀጥታ ይጋገራል፤ ጥቂት ሲሞቅም በቀጥታ ይተናል። በመካከል ፈሳሽ የሚባል ደረጃ የለም።

የዋልታው ነጭ ነገር ከዚህ የተሠራ መሆኑን ለማወቅ ሦስት መቶ ዓመት ወስዷል። ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሁይገንስ በ1672 በደቡብ ዋልታው ላይ ነጭ ቦታ አይቶ ሥሏል። ዊልያም ኸርሸል በ1784 እንደ እኛ ምድር በረዶና አመዳይ መሆኑን ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ የውኃ በረዶ ነው ብሎ ማመኑ ለብዙዎች የተለመደ ሆነ። በ1965 መንኮራኩሯ ማሪነር 4 በማርስ አጠገብ ስታልፍ የተገኘው ልኬት ግን የአየሩ ግፊት የምድርን አንድ በመቶ እንኳ እንደማይሞላ አሳየ። በቀጣዩ ዓመት የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ሮበርት ሌይተንና ብሩስ መሪ የዋልታዎቹን ሙቀት በኮምፒውተር አስልተው ደፋር ሐሳብ አቀረቡ። በክረምት ዋልታው እጅግ ስለሚቀዘቅዝ የማርስ አየር ራሱ እዚያ ይጋገራል፤ ስለዚህ ነጩ ቆብ የአየሩ ጎተራ ነው፣ ግፊቱም ከወቅት ወቅት ይወጣል ይወርዳል አሉ።

ቀጥሎ የሆነው ለማንኛውም ተመራማሪ ትምህርት የሚሆን ነው። ነሐሴ 1969 ማሪነር 7 በደቡብ ዋልታው ላይ አለፈች። የመንኮራኩሯን የኢንፍራሬድ መሣሪያ የሚመሩት ኬሚስቱ ጆርጅ ፒሜንቴል ወዲያው በጋዜጣዊ መግለጫ ከበረዶው ጠርዝ አካባቢ የሚቴንና የአሞኒያ ምልክት አገኘን አሉ። ሚቴንና አሞኒያ ሕይወትን የሚያስጠረጥሩ ጋዞች ስለሆኑ ወሬው ትልቅ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ያዩት መስመር ከካርቦን ዳይኦክሳይድ በረዶ የሚወጣ መሆኑ በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ፤ ፒሜንቴልም ቃላቸውን በይፋ አነሡ። ሕይወት ይመስል የነበረው ምልክት የሌይተንና የመሪ ማስረጃ ሆነ። ከ1976 ጀምሮ የቫይኪንግ መንኮራኩሮች ከማርስ መሬት ላይ ሆነው የአየሩን ግፊት ሲለኩ፣ ግፊቱ በዓመት ውስጥ ወደ ሩብ የሚጠጋ ሲወጣና ሲወርድ ተመዘገበ። የሰሜኑ ቆብ በበጋ የሚቀርለት የውኃ በረዶ ነው፤ ደቡቡ ግን በጋውንም በደረቅ በረዶ ተሸፍኖ ያሳልፋል። ልዩነታቸው ይህ ነው፤ የስዊስ አይቡ መልክም በሰሜን የማይታየው ለዚሁ ነው።

ክቦቹ በግልጽ የታዩት ማርስ ግሎባል ሰርቬየር የተባለችው መንኮራኩር በ1990ዎቹ መጨረሻ ፎቶግራፍ ማንሣት ስትጀምር ነው። የካሜራዋ ኃላፊ ማይክል ማሊንና ባልደረቦቹ በ1999 ያነሡትን ቦታ ከአንድ የማርስ ዓመት በኋላ፣ በ2001፣ በዚያው ወቅት ደግመው አነሡት። (አንድ የማርስ ዓመት 687 የምድር ቀናት ነው።) ሁለቱን ምስሎች ሲያስተያዩ የጉድጓዶቹ ግድግዳ ከ1 እስከ 3 ሜትር ወደ ኋላ ሸሽቶ አገኙት። በሌላ ፕላኔት ላይ ገደል ሲሄድ ማየት ማለት ነው። እዚህ ላይ እኔንም ሒሳብ ያሠራኛል፦ ወገቡ 200 ሜትር የሆነ ክብ ከመሐሉ እስከ ግድግዳው 100 ሜትር ነው። በዓመት 3 ሜትር እየሸሸ ከመጣ ዕድሜው 33 የማርስ ዓመት፣ ማለትም ከ60 የምድር ዓመት ብዙም አያልፍም፤ በዓመት 1 ሜትር ከሆነ ደግሞ 190 ዓመት ገደማ። ፍጥነቱ ሳይለዋወጥ ከቆየ፣ ሁይገንስ ያን ነጭ ቦታ ሲሥል ይህ ክብ ገና አልተከፈተም ነበር።

መስፋቱ ታወቀ፤ ቅርጹን ያስረዳው ግን በ2003 ሼን በርንና አንድሩ ኢንገርሶል ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ሥራ ነው። እነሱም የካሊፎርኒያው ተቋም ሰዎች ነበሩ። ያስገረማቸው የጥልቀቱ አንድ መሆን ነው። ጠባቡም ሰፊውም ክብ ጥልቀቱ 8 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ቆቡ እስከ ታች ድረስ ደረቅ በረዶ ቢሆን ኖሮ ጉድጓዱ ሲሰፋ አብሮ ይጠልቅ ነበር፤ መጨረሻውም እንደ ጎድጓዳ ሳህን ይሆን ነበር። ወለሉ ጠፍጣፋ የሆነው ከሥሩ የማይነቃነቅ ነገር ስላገኘ ነው። ያ ነገር የውኃ በረዶ ነው። የውኃ በረዶ ደረቁን በረዶ በሚያተንነው ሙቀት አይነካም፤ እንዲተን ከዚያ እጅግ የበለጠ ሙቀት ይፈልጋል። በዚያው ዓመት ቲመቲ ታይተስና ባልደረቦቹ ከማርስ ኦዲሴይ መንኮራኩር በተገኘ የሙቀት ልኬት በዋልታው አጠገብ ገላጣ የውኃ በረዶ አገኙ፤ በ2004 ደግሞ የአውሮፓዋ ማርስ ኤክስፕረስ የውኃ በረዶ መኖሩን ከላይ አየች። ጉድጓዱ ወደ ታች መሄድ ሲሳነው ወደ ጎን ይሄዳል ማለት ነው።

ለምን ክብ ሆኖ እንደሚሰፋ ደግሞ ፀሐይዋ ትመልሳለች። እኛ አገር ፀሐይ በምሥራቅ ወጥታ በአናት አልፋ በምዕራብ ስለምትገባ የቤት ግድግዳ ሁሉ እኩል አይሞቅም፤ አንዱ የጠዋት፣ ሌላው የማታ ፀሐይ ይደርሰዋል። ዋልታ ላይ ግን በበጋ ፀሐይ ሳትጠልቅ አድማሱን ዝቅ ብላ ትዞራለች፤ አንድ ዙር ስትጨርስ የሰሜኑንም የደቡቡንም፣ የምሥራቁንም የምዕራቡንም ግድግዳ በተቀራራቢ ልክ ታሞቃለች። ከዝቅታ የሚመጣው ብርሃን ሜዳውን በአግድመት ጠርጎ ሲያልፍ ቀጥ ያለውን ግድግዳ ግን ፊት ለፊት ይመታዋል፤ ስለዚህ ሜዳው በረዶውን ሲያቆይ ግድግዳው ይበላል። ሒሳቡ ፍጹም እኩል ባይሆን ምን ይመጣል? ያም ይታያል፦ ብዙዎቹ ክቦች በአንድ ወገን ትንሽ ሾጥጠው ልብ ወይም ባቄላ ይመስላሉ፤ ሹሉ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ዋልታው ያመለክታል። ግድግዳውን የሚያፈርሰው ፀሐይ መሆኑን ለእኔ ከዚህ በላይ የሚመሰክር የለም። ወደየትም ያዘነበለ የሚቴዮራይት ምት እንዲህ ያለ ሥርዓት ሊያወጣ አይችልም።

ሥራው ሁሉ የትነት ብቻ እንዳልሆነም በኋላ ታውቋል። ፒተር ቡለርና ባልደረቦቹ በ2017 ባወጡት ጥናት በሃይራይዝ ካሜራ በቀናትና በወራት ልዩነት የተነሡ ምስሎችን አስተያይተዋል። ሃይራይዝ በ2006 ማርስ የደረሰችው የማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር ዓይን ነው፤ አንድ ሜትር የምታህልን ነገር ከምሕዋር ይለያል። በእነዚያ ምስሎች የበረዶው ጠርዝ ሲሰነጠቅና ከግድግዳው ጓል ጓል እየሆነ ሲወድቅ ታይቷል።

እነዚህ ግድግዳዎች ሲሸሹ የታዩበት ጊዜ የምድር ሙቀት መጨመር ክርክር የጋለበት ጊዜ ስለነበር፣ ማርስም እየሞቀች ነውና ጥፋቱ የፀሐይ ነው የሚል ሙግት ከዚህ ግኝት ላይ ተነሣ። ሙግቱ አያስኬድም። ከአንድ ዋልታ፣ በአንድና በሁለት ዓመት ልዩነት ከተነሡ ምስሎች ስለ መላው ፕላኔት የአየር ንብረት መናገር አይቻልም። ከዚያም በላይ ግድግዳው ሲሸሽ በየክረምቱ አዲስ ውርጭ በሜዳው ላይ ይከመራል፤ የተበላውንና የተተካውን አብሮ ሳይደምሩ ቆቡ እየጠፋ ነው ማለት ወጪውን ብቻ ጽፎ ገቢውን እንደ መተው ነው። የፒተር ቶማስና የባልደረቦቹ ተከታታይ ሥራዎች ይህን መዝገብ ዓመት በዓመት ሲያስሉት ኖረዋል፤ ምድር ላይ ያለውን ጉዳይ በዚህ ማድበስበስ ግን ለሁለቱም ፕላኔቶች ፍትሕ አይደለም።

የበርንና የኢንገርሶል ወለል አንድ ሌላ ነገር አፍርሶ ነበር፦ ጎተራውን። ደረቁ በረዶ ስምንት ሜትር ውፍረት ብቻ ያለው ስስ ልባስ ከሆነ፣ ሁሉም ቢተን እንኳ በማርስ አየር ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ሌይተንና መሪ ያሰቡት ትልቅ ክምችት የለም ተባለ። ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ2011፣ ሮጀር ፊሊፕስና ባልደረቦቹ በማርስ ሪኮኔሰንስ ኦርቢተር ላይ ባለው ሻራድ የተባለ ራዳር መሬቱን ሲፈትሹ ከደቡቡ ቆብ ሥር የተቀበረ ግዙፍ ደረቅ በረዶ አገኙ፤ ቀድሞ ከተገመተው 30 እጥፍ ያህል የሚበልጥ። ይህ ክምችት በሙሉ ቢተን የማርስን አየር ወደ እጥፍ ሊያስጠጋው ይችላል። ከላዩ የውኃ በረዶ ተነጥፎበታል፤ በዚያ ላይ ደግሞ ክቦቹ የተከፈቱበት ልባስ አለ። ወለል ያልነው ነገር በብዙ ቦታ የጎተራው ክዳን ነው ማለት ነው። በርንና ኢንገርሶል ስለ ልባሱ ትክክል ነበሩ፤ ሌይተንና መሪም ስለ ጎተራው። እህሉ ከክዳኑ በታች ነበረ።

አሁን ወደ እንጀራው ልመለስ። ክረምት ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ ከሚቆየው ቆብ ውጭ ያለውን መሬት ብርሃን የሚያሳልፍ ደረቅ በረዶ ይሸፍነዋል። ፀደይ ሲመጣ ብርሃኑ በረዶውን አልፎ ከሥሩ ያለውን ጥቁር አፈር ያሞቃል። ምጣዱ ከታች ጋለ፣ ሊጡ ከላይ አለ። ከበረዶው በታች የተፈጠረው ጋዝ መውጫ አጥቶ ሲጨናነቅ አንድ ደካማ ቦታ ይበሳል፤ በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ፍጥነትም አቧራ ይዞ ይፈነዳል። ይህን ማብራሪያ በ2006 ያቀረቡት ሁዩ ኪፈርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። ከላይ የሚታየው ጥቁር ክብ ነጠብጣብ ነው፤ በረዶው ሲሄድ ደግሞ ጋዙ ወደ ቀዳዳው ሲሮጥ የቦረቦራቸው ቦዮች ሸረሪት መስለው ይቀራሉ። ደራሲው አርተር ክላርክ በ2001 እነዚህን አይቶ የሕንድ ዋርካ ዛፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ብሎ ነበር። በ2024 የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች በፈሳሽ ናይትሮጅን በሚቀዘቅዝ ክፍል ውስጥ የማርስን አፈር የመሰለ ዱቄት አስቀምጠው ደረቅ በረዶ አጋገሩበት፤ ከሥር ሲያሞቁት ሸረሪቶቹ በገዛ ዓይናቸው ፊት ተሠሩ።

ሌሎቹን ክቦች ፈጥኜ ላልፋቸው እችላለሁ። በሰሜን በኩል ያለው የኮሮሌቭ ጉድጓድ 82 ኪሎ ሜትር ስፋት አለው፤ የግጭት ጉድጓድ ነው፣ ውስጡ ግን 1.8 ኪሎ ሜትር ውፍረት ባለው የውኃ በረዶ ተሞልቷል። በበረዶው ላይ የሚያርፈው አየር ቀዝቅዞ ስለሚከብድ እንደ ክዳን ተኝቶበት ሙቀት አያስገባም፤ በረዶው ዓመቱን ሙሉ የሚቆየው በዚህ ነው። የደቡቡ የኢንካ ከተማ ደግሞ በ1972 ማሪነር 9 ስታገኘው በቀጥታ መስመሮቹ የፈራረሰ ከተማ ግንብ መስሎ ነበር፤ በ2002 ሰፋ ብሎ ሲታይ ግንቦቹ 86 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው የአንድ ክብ ቁራጭ ሆነው ተገኙ። ሃይራይዝ በ2011 እና በ2020 ያነሣው ፈገግ ያለ ፊት የሚመስል ጉድጓድም አለ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ውርጩ ሲበላ አፉም አፍንጫውም ሰፍቷል።

ያ ጥልቅ ጉድጓድስ? ሁለቱ ግምቶች የ2017ቱ አጭር ማብራሪያ ከሰጣቸው በላይ ክብደት አላቸው። ከሥሩ ምንም የሚተን ነገር ባይኖር ኖሮ መደርመስ የሚለው ባዶ ግምት በሆነ ነበር። የራዳሩ ቡድን ግን የተቀበረው ደረቅ በረዶ ባለበት አካባቢ ከፍ ያለ ጠርዝ የሌላቸው ክብ ጉድጓዶችን አይቶ፣ ከታች በረዶ ተንኖ ላዩ የወረደባቸው ናቸው ብሏል። ግጭት ከሆነም አደጋው ያልተለመደ አይደለም፤ ማርስ ላይ ድንጋይ መውደቁን አላቆመም። የሚለያቸው ጠርዙ ነው። ከመሬቱ ከፍ ብሎ የተነሣ ጠርዝና በዙሪያው የተበተነ ፍንጣሪ መኖር አለመኖሩ በጥላ ርዝመት ይለካል፤ ለዚህ ደግሞ ፀሐይ ዝቅ ካለችበት የበጋ ማብቂያ የተሻለ ጊዜ የለም። ግጭት ቢሆን ሌላም ነገር እጠብቃለሁ፦ ድንጋዩ ደረቁን በረዶ በስቶ አዲስ ግድግዳ ካቆመ ያ ግድግዳ ከጎረቤቶቹ የተለየ ዕድል የለውም። ፀሐይ ስትዞረው በየማርሱ ዓመት ሜትር ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ጥልቁ ጉድጓድም በስምንት ሜትር ጠፍጣፋ እርከን ይከበባል። ያንኑ ቦታ፣ በዚያው የፀሐይ ከፍታ፣ ከ687 ቀን በኋላና ከዚያም በኋላ ደጋግሞ ማንሣት ነው ሥራው።